ሁለት ሆነህ ጻፍክልኝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ወልቂጤ ያለው መሥሪያ ቤታችን ኬክ ቆርሶ ጋቢ አለበሰኝ። ኬኩ ሳያልቅ የኮምፒውተር ባለሙያው ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ጋ ያሉትን የይለፍ ቃሎች በወረቀት ጽፈው ይስጡኝ» አለኝ። አልጽፍም አልኩት። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ ከፈትኩለት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እሱ ራሱ እንዲቀይራቸው አደረግኩ። ልጁ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔም በእሱ ዕድሜ ስቄያለሁ፤ ያውም ከእኔ በብዙ በሚሻል ሰው ላይ።

እኚያ ሰው አቶ ጌታነህ ይባላሉ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው ቡታጅራ የቀሩ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩት እሳቸው ሥር ነው። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለሻይ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው፤ ጣት ከማፍጠን አልጀመሩም፤ ከካርቦን ወረቀት ነው የጀመሩት። የመጀመሪያውን ምስጢር ደብዳቤ ተይቤ ስጨርስ ካርቦኑን ከመሐል መዘዙና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጉት። ደብዳቤው ከነፊርማ ቦታው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ኮፒው ሁለት ነው ብለሽ ነበር፤ ሦስት ነው» አሉኝ። ከዚያ ካርቦኑን በጣሳ ውስጥ አቃጠሉት። ምስጢር የተጻፈበት ካርቦን ሁለተኛ ደብዳቤ አይጻፍበትም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማንኛውም ደብዳቤ ሲመጣላቸው ከማንበባቸው በፊት አምጪውን «ከማን እጅ ተቀበልከው?» ይሉታል። እኔ የምተይበው ደግሞ ከግርጌው የስሜ የመጀመሪያ ፊደላት ከሌሉበት አይወጣም። ደብዳቤው የአለቃው ቢሆንም የጻፈችው ጣት መታወቅ አለባት ይሉ ነበር። ያኔ እነዚህን ሁሉ የሽማግሌ ጣጣ አድርጌ ነበር የማያቸው። አለቆች ሁለት ጊዜ ተቀያየሩ፤ አንዱ ቁጡ፣ አንዱ እንቅልፋም፤ የአቶ ጌታነህ ጣሳ ግን ከመስኮቱ ደፍ አልተነሳችም።

መዋቅር ተሠርቶ ሰው ሲቀነስ እኔም ተቀነስኩ። ቡታጅራ መናኸሪያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቼ የስልክ መስመር አስገብቼ ኢንተርኔት ጨመርኩ። መስመሩ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ገጹ እንደ ጤፍ ለቀማ ቀስ እያለ ይመጣል። ትልልቆቹ የኢሜይል አገልግሎቶች በሥዕልና በማስታወቂያ ስለታጨቁ አንዱን ለመክፈት ደንበኛዬ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ትንሽ አገልግሎት አገኘሁ። ግራጫ ገጽ ናት፤ ሥዕል የላትም፤ ስልክ ቁጥር አትጠይቅም፤ ክፍያ የላትም። ጠቅ ሲያደርጓት ትከፈታለች። እኔም የከተማውን ሰው ሁሉ እዚያ አስገባሁ።

አቶ ጌታነህ ያኔ ጡረታ ወጥተው ቀን ቀን እኔ ጋ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ስኩራራባቸው መነጽራቸውን አውልቀው ያዩኛል።

«ባለቤቱ ማነው?»

«አላውቅም፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ነው።»

«ደብዳቤ ቢጠፋ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

«አይጠፋም፣ ጋሼ።»

«በነጻ ነው አልሽ?»

«በነጻ።»

«ታዲያ ሰውየው ምን በልቶ ያድራል?»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

የኔ አሠራር እንዲህ ነበር። ደንበኛው አድራሻ ሲፈልግ እኔ እከፍትለታለሁ፣ የይለፍ ቃሉንም እኔ አወጣለታለሁ፣ እንዳይጠፋው በአንድ ሰማያዊ ደብተር እመዘግብለታለሁ። ቃሉ ሲረሳ አገልግሎቱ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ከዝርዝሩ አንዱን መምረጥ ነው። ለሁሉም «የእናትህ ስም ማነው?» የሚለውን መረጥኩ። የእያንዳንዱ ሰው እናት ስም በገበያው በሚታወቅበት ከተማ! ሰውም አልተጠራጠረም። የይለፍ ቃልህስ ሲሉት «አስካለ ጋ ነው» ይላል፤ የቤቱን መክፈቻ ጎረቤት ጋ እንደሚተው። እኔ ደግሞ ይህን እንደ ሹመት ቆጠርኩት።

ነስሩ ከመስቃን ገጠር የመጣ፣ በርበሬ ነጋዴ የነበረ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ሲል ለእሱም ለእናቱም አድራሻ ከፈትኩላቸው። እናቱ እማማ ሸሪፋ ማንበብ አይችሉም። በየገበያው ቀን ከነስሩ ሚስት ከሰሚራ ጋር ይመጣሉ፤ እኔ የልጃቸውን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ፣ መልሳቸውንም እጽፋለሁ። ሰሚራ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ደብዳቤው አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ብትዘገይም፣ ከትከሻዬ ኋላ ቆማ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። በዚህ ምክንያት የሌለ ነገር እንዳለ አድርጎ ማንበብ አይቻልም።

አንድ ጠዋት የነስሩ አጎት ሀጂ ሙዘይን ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«አስካለ ልጄ፣ ነስሩን አላህ ወስዶታል» አሉኝ። «መኪና ገጨው። እዚያው ቀብረውታል።»

ለቅሶዬን በመዳፌ አፈንኩ። ቀጠሉ፦ «እናቱ ከሐኪም ቤት ከወጣች ገና ሳምንቷ ነው፤ ደሟ ከፍ ይላል። ልጇ ደግሞ ልትወልድ ነው። መርዶውን አሁን ብንነግራት ትሞትብናለች። ለአረፋ ልጆቿ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ሽማግሌው ይሰበሰባል፣ ያኔ በደንቡ ይነገራታል። እስከዚያ ደብዳቤው መቋረጥ የለበትም። የሚከፍተውን ቃል አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ሰማያዊው ደብተር ላይ አለ። እምቢ ማለት ነበረብኝ? መርዶ መቆየቱ ደንብ ነው፤ የሚያስቆዩትም ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ። እሺ አልኳቸው።

እንዲህ ሆኜ በሞተ ሰው የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለመጻፍ የነስሩን የቆዩ ደብዳቤዎች እያየሁ አነጋገሩን ቀዳሁ። የእማማ ሸሪፋ እግር እንደሚያብጥ ስለማውቅ ከራሴ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ «እማ፣ እግርሽን በርጩማ ላይ አንሺው።» ከነስሩ አድራሻ ልኬ፣ በእናቱ አድራሻ ገብቼ፣ እንደ አዲስ አነበብኩላቸው። እማማ ሸሪፋ እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው «እግሬን ከየት አስታወሰው?» አሉ። ከግርጌው ስሜ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት የነስሩን ሳጥን ስከፍት የእናቱ መልስ ተነቦ አገኘሁት። ያልተነበበ ደብዳቤ በደማቅ ነው የሚታየው፤ ይህኛው ስስ ሆኗል። መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሳጥኑን አልከፈትኩም። ወይስ ከፍቻለሁ? ሥራ በዝቶብኝ ረስቼው ይሆናል አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ያልተላከ ጅምር ደብዳቤ አገኘሁ። በውስጡ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እማ» ይላል። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ደጅ የአውቶቡስ ረዳቶች «ቡኢ! አዲስ አበባ!» እያሉ ይጣራሉ። እኔ ግን ጀርባዬን አንድ ሰው የነካኝ ያህል ዞርኩ። ጅምሩን አጠፋሁትና የራሴን ደብዳቤ ጽፌ ላክሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ እናገራለሁ? የሞተ ሰው ደብዳቤ ጀምሮ ተወው ልበል?

በአራተኛው የገበያ ቀን መብራት ጠፍቶ አርፍዶ መጣ። እነ እማማ ሸሪፋ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው፤ ገና አልጻፍኩም። የእናቱን ሳጥን ልክፈትና ዛሬ አልጻፈም እላለሁ ብዬ ከፈትኩ። ደብዳቤ አለ። ከነስሩ።

ሰሚራ ቀደመችኝ። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ፊደል በፊደል እየቆጠረች አነበበች፦

«እማ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እግርሽን በርጩማ ላይ አንሺው። ሰሚራን ልወስዳት ነው። ዲላ ላይ አንድ ሰው ይጠብቃታል፤ በሞያሌ በኩል ያደርሳታል። ለሀጂም ለማንም አትንገሩ፤ ሰው ካወቀ መንገዱ ይበላሻል። ደብዳቤ ለምታነብልሽ ሴትዮም ሰላም በይልኝ። በጣም ጎበዝ ናት።»

ሰሚራ አፏን ያዘች። እማማ ሸሪፋ እየሳቁ ትከሻዬን መቱኝ፤ «ሰላም ብሎሻል እኮ!» አሉኝ። አነጋገሩ የነስሩ አይደለም፤ የኔ ነው። የነስሩ መስዬ የጻፍኩትን አንብቦ፣ እሱን መስሎ እኔን የጻፈ ሰው አለ። በእጅ ጽሕፈት ቢሆን ሰሚራ ገና ስታየው ታውቅ ነበር። በዚያ ግራጫ ገጽ ላይ ግን ሁላችንም አንድ እጅ ነበረን።

ያንን ከሰዓት የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። በማግስቱ አልከፍት አለኝ። የረሱ ሰዎች የሚጠየቁትን ጥያቄ አመጣልኝ፤ የእናትህ ስም ማነው? ሸሪፋ ብዬ መለስኩ። ስህተት ነው አለኝ። ሰውየው በዚያው ጥያቄ ገብቶ፣ መልሱን ለውጦ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮታል። ከገጹ ግርጌ ወዳለው የእርዳታ አድራሻ ጻፍኩ። ሁለቴ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ጋሼ ጌታነህ ማንን ትጠይቂያለሽ ያሉኝ ይህን ነበር።

ሀጂ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። «አረፋ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው» አሉኝ። «ልጅቷ እኛን ሳትጠይቅ የትም አትሄድም። አፍሽን ያዢ።» እኔም አፌን ያዝኩ። ሰሚራን ጠርቼ በጆሮዋ አንዲት ቃል ብነግራት ኖሮ ያበቃ ነበር። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ሳስበው የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። የተሰጠኝን ትእዛዝ ጠበቅሁ፤ ልጅቷን አልጠበቅኳትም።

በሦስተኛው ቀን እማማ ሸሪፋ በጋሪ መጡ፤ ቀኑ ገበያ አይደለም። ሰሚራ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ዝዋይ እህቴ ጋ ልሂድ ብላ ወጥታለች። «ነስሩ ደረሰችልኝ ብሎ ጽፏል?» አሉኝ በሹክሹክታ፤ በምስጢሩ ደስ ብሏቸዋል። ሀጂ ዘንድ ሰው ላክሁ። ሁለት ጎልማሶች ያን ሰዓት መኪና ያዙ፤ ግን የት ብለው ያገኟታል?

በማግስቱ ጠዋት የእማማ ሸሪፋን ሳጥን ከፈትኩ። ሰሚራ ከትከሻዬ ኋላ ቆማ ባጠናችው የይለፍ ቃል ገብታ ከዚያ ሳጥን ለባሏ ጽፋለች፦ «ዲላ ነኝ። ሰውየው መጥቶ አየኝ። ዛሬ እንሄዳለን አለ። ዓይኑን አልወደድኩትም። ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብያለሁ፣ መልስልኝ።» የተላከው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ነው።

በራሴ ስም መጻፍ ነበረብኝ። ልማድ ክፉ ነው፤ አሁንም ነስሩን ሆንኩ። የእሱ ሳጥን ስለተዘጋብኝ እዚያው አገልግሎት ላይ በስሙ መጨረሻ አንድ ቁጥር ጨምሬ አዲስ አድራሻ ከፈትኩ። ማነሽ ያለኝ የለም። «ሰሚራ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ከሰውየው ጋር እንዳትሄጂ፣ ወደ ቤት ተመለሽ» ብዬ ላክሁ።

መልሷ መጣ። ለሁለቱም አድራሻ ነበር የላከችው።

«ነስሩ፣ ሁለት ሆነህ ጻፍክልኝ። አንዱ ነይ ይለኛል፣ አንዱ ተመለሽ ይለኛል። ፈራሁ። የሄድክ ጠዋት ከበሩ ስትወጣ ምን አስያዝከኝ? እሱን የነገረኝ ባሌ ነው።»

የዚያን ልጅ ደብዳቤ ሁሉ አንብቤያለሁ፤ አንድም ቦታ አልጻፈውም። ምን ያስይዛታል? ፎቶ? ሻሽ? ገምቼ ብስት አበቃላት። መስመሩ ደግሞ በየደቂቃው ይቆረጣል። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳልመስል የጻፍኩት፦

«ሰሚራ፣ እኔ ነስሩ አይደለሁም። መናኸሪያው ጋ ያለሁት አስካለ ነኝ። ምን እንዳስያዘሽ አላውቅም። ያለፉትን ሦስት ደብዳቤዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራተኛውን ማን እንደጻፈው አላውቅም። ነስሩ ሞቷል፤ መኪና ገጭቶት ነው። ሀጂ ያውቃሉ። እባክሽ ከሰውየው ጋር አትሂጂ። አስካለ ገብሬ።»

መርዶ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌ በደጅ ቆሞ፣ ዘመድ ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። እኔ በባዕድ ከተማ፣ ብቻዋን ወንበር ላይ ለተቀመጠች ልጅ በግራጫ ገጽ ላኩላት። መልስ አልመጣም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሰሚራ ከአውቶቡስ ወረደች። ፊቷ ደረቅ ነበር። ሶላት ልስገድ ብላ ከሰውየው ተለይታ፣ በጭነት መኪና እስከ ሐዋሳ፣ ከዚያ በአውቶቡስ መጥታ ነው። ከዲላ እስከ ቡታጅራ አላለቀሰችም፤ ካለቀሰች ሰው ለምን ይላታል። ደጃፌ ላይ ቆማ አየችኝ። አልገባችም። ወደ ሀጂ ቤት ታጠፈችና ጥግ ላይ ስትደርስ ጩኸቷ ተሰማኝ።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ፤ ልክ ነበሩ። ደንበኛውም እየሳሳ ሄደ፣ ያ ደግሞ ሲያንሰኝ ነው። ሰማያዊውን ደብተር አቶ ጌታነህ ፊት አቃጠልኩት። እሳቸው ነግሬሽ ነበር አላሉም፤ ክብሪቱን ብቻ አቀበሉኝ። የቀሩትን ደንበኞች አንድ በአንድ ጠርቼ ባለቤቱ ወደሚታወቅ፣ ቢጠይቁት ወደሚመልስ አገልግሎት አዛወርኳቸው። ቃሉን በራሳቸው ጣት አስገቡ፤ እኔ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከአርባው ቀን በኋላ እማማ ሸሪፋ መጡ። «የልጄን ደብዳቤ ከአንቺው ለይተሽ በወረቀት አውጪልኝ» አሉኝ። ለይቼ አተምኩላቸው። ወረቀቶቹን ገለባብጠው፣ «እግርሽን አንሺው ያለኝን አልሰጠሽኝም» አሉ። ያ የኔ ነው ማለት አቃተኝ፤ ግን አልኩት። ወረቀቶቹን አጥፈው በሻሻቸው ቋጠሯቸውና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሱቁን ዘጋሁት። ወልቂጤ የጸሐፊ ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳደርኩና እስከ ጡረታዬ እዚያ ሠራሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሰሚራ ለአንድ ማስረጃ ወልቂጤ ቢሮዬ መጣች። አግብታለች፤ ወፈር ብላለች። ወረቀቷን ጨርሼ ሰጠኋት።

«እትዬ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለችኝ። «ያን ቀን ያኛውም መልሶልኝ ነበር። ወዲያው፣ ካንቺ በፊት። አንብቤ አጠፋሁት።»

«ምን አለ?»

«‹የበርበሬ ዘር፣ በአውቶቡስ ትኬት ጠቅልዬ› አለኝ። ልክ ነው። ያን ያስያዘኝ ማንም ሳያይ ነው።»

አብሮት ያድር የነበረ ሰው ይሆናል አልኳት። የእናቱንም ስም ያውቃል፣ ወሬውንም ከራሱ ከነስሩ ሰምቷል። ለራሴም ሁልጊዜ የምለው ይህንን ነው።

«ይሆናል» አለች። ያመነች አትመስልም።

«ታዲያ ልክ ከመለሰልሽ ለምን አላመንሽውም?»

«ነስሩ ለጥያቄ ፈጥኖ መልሶ አያውቅማ። ውሃ ትጠጣለህ ወይ ብለሽው እንኳ ያስባል። አንቺ ደግሞ አላውቅም አልሽኝ። የሚዋሸኝ ሰው አላውቅም አይለኝም አልኩ።» ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ያ አገልግሎት አሁን አለ?»

«ገጹ መከፈት አቁሟል። ቆይቷል።»

«የኛ ደብዳቤዎችስ? የነስሩ፣ የእማ፣ የኔ… አሁን ማን ጋ ናቸው?»

«አላውቅም» አልኳት።